ሽማግሌና ዳይስ

የሰው ልጅ ከፈጠራቸው የድራማ ዓይነቶች መካከል እምብዛም ወጪ የማያስፈልገው አንድ አለ። መድረክ አይሻም፤ መጋረጃ አይሻም፤ አስቀድሞ የተጻፈ ምልልስም የለውም። አራት አምስት ሰዎች አንድ ጠረጴዛ ከብበው ይቀመጣሉ። እያንዳንዳቸው አንዳንድ ገጸ ባሕርይ ይይዛሉ። ከመካከላቸው አንዱ ግን የቀረውን ዓለም በሙሉ ይሸከማል፤ መንገዱም፣ ዝናቡም፣ ንጉሡም፣ ወንበዴውም፣ የጠላ ቤቷ እመቤትም እሱ ነው። ይህን ሰው በዚህ ጽሑፍ «አጫዋች» እለዋለሁ። «ወደ በሩ እሄዳለሁ» ይላል ተጫዋቹ። «በሩ ላይ ዘብ ቆሟል፤ ማነህ? ይልሃል» ይመልሳል አጫዋቹ። እንዲህ እየተባለ ታሪኩ ይቀጥላል። የሚያጠራጥር ነገር ሲመጣ፣ ለምሳሌ ገደል ሲዘለል ወይም ሰይፍ ሲመዘዝ፣ ዳይስ ይጣላል፤ ቁጥሩ ይፈርዳል።

የጨዋታው ትውልድ አሜሪካ ነው። ጌሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርንሰን የተባሉ ሁለት ሰዎች «ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» በሚል ስም እ.ኤ.አ. በ1974 ለገበያ አበቁት። ሁለቱም የመጡት በትናንሽ የወታደር ምስሎች ጠረጴዛ ላይ ጦርነት ከሚጫወቱ ሰዎች ማኅበር ነው። ይህን የዘር ሐረግ አንባቢ ልብ ይበልልኝ፤ ኋላ የማነሣው ጣጣ ሁሉ ከዚህ ይመዘዛልና። ከጦርነት ማኅፀን የወጣ ጨዋታ ተራው ደርሶ ፍቅርን ሲጫወት ምን ይመስላል? የዚህ ሂስ ጥያቄ ይኸው ነው።

በርና ቁልፍ

የመጀመሪያው መጽሐፍ ለማኅበራዊ ግንኙነት ያበጀው ሕግ አጭር ነው። እያንዳንዱ ገጸ ባሕርይ ከ3 እስከ 18 የሚደርስ የግርማ ሞገስ ቁጥር አለው። ከማያውቁት ፍጡር ጋር ሲገናኙ ሁለት ዳይስ ይጣላል፤ ድምሩ ወደ 2 ካዘቀዘቀ ጠብ ነው፣ ወደ 12 ካሻቀበ ወዳጅነት ነው። ከዚያ ወዲህ ሕጉ ብዙ ጊዜ ተሻሽሏል። እ.ኤ.አ. በ2014 በወጣው አምስተኛ እትም ተጫዋቹ ሃያ ገጽ ያለው ዳይስ ይጥልና የማሳመን ችሎታውን ይደምርበታል፤ አጫዋቹ ከወሰነው ቁጥር ከደረሰ ተሳካለት ማለት ነው። መልኩ ይለዋወጥ እንጂ ሐሳቡ አንድ ነው። ያ ሌላው ሰው በር ነው፤ ቃል ቁልፍ ነው፤ ዳይሱም ቁልፉ መግጠም አለመግጠሙን ይናገራል።

ለዳይሱም ቢሆን የሚገባውን ልስጠው። አፉ የማይፈታለት፣ ሰው ፊት ሲቆም ላብ የሚያጠምቀው ልጅ በጨዋታው ውስጥ አንደበተ ርቱዕ መልእክተኛ ልሁን ቢል መብቱ ነው። በትር ይዞ የማያውቀው ጦረኛ ሆኖ እንደሚጫወት ሁሉ፣ ንግግር የማይሆንለትም ተናጋሪ ሆኖ ሊጫወት ይገባዋል። ዳይሱ ባይኖር ጠረጴዛው ላይ ሁልጊዜ የሚነግሠው ያው ምላሰኛው ነበር። እናም የእኔ ሂስ «ዳይሱ ይቅር» የሚል አይደለም። «ዳይሱ የሚጠየቀው ጥያቄ ምንድን ነው?» የሚል ነው።

ነቀምት ውስጥ የታዘብኩትን በምሳሌነት ላቅርብ። በአንድ ወዳጄ ቤት አምስት ወጣቶች ይህን ጨዋታ ሲጫወቱ አብሬ አምሽቼ ነበር። ጨዋታው የሚካሄድባት የፈጠራ አገር ተራራዋም፣ ቡናዋም፣ ጭጋጓም ወለጋን ትመስላለች። አጫዋቹ ጎበዝ ነው። ጫካ ውስጥ መንገድ የዘጋባቸውን ሽፍታ ሲያቀርብ ስም ሰጠው፤ በግንባሩ ላይ ጠባሳ አበጀለት፤ በአራጣ የተወሰደበት መሬት እንዳለ አስነገረው። ከሽፍታው ጋር የተደረገው ድርድር ብቻ ሩብ ሰዓት ፈጀ። ሁላችንም ጆሯችንን ሰጥተን ነበር ያዳመጥነው።

ኋላ ከአንድ ባላባት ግቢ ደረሱ። ጦረኛውን የያዘው ልጅ፣ «የባላባቱን ልጅ ወድጃታለሁ፤ አብራኝ እንድትሄድ አሳምናታለሁ» አለና ዳይሱን ጣለ። 19 ወጣ። «ወደደችህ፤ ተከተለችህ» አለ አጫዋቹ። ሳቅ ሆነ። ከአምስቱ አንዷ ሴት ነበረች፤ እሷ ብቻ አልሳቀችም። «እሺ፣ ልጅቷ ምን አለች?» ብላ ጠየቀች። አጫዋቹም ዳይሱን እያሳያት፣ «19 ወጥቷል እኮ!» አላት።

እንግዲህ ሂሱ ያለው ከዚህ ላይ ነው። ሽፍታው ስም አለው፤ ልጅቷ የላትም። ሽፍታው የሚፈልገው ነገር አለ፤ ልጅቷ ምን እንደምትፈልግ የጠየቀ የለም። በልብ ወለድ ሂስ ቋንቋ እንናገር ካልን፣ ሽፍታው ሥጋና ደም ያለው ገጸ ባሕርይ ሲሆን ልጅቷ የቤት ዕቃ ናት። የአጫዋቹ ችሎታ ማነስ አይደለም፤ ችሎታውንማ በሽፍታው አይተነዋል። ሕጉ ለልጅቷ ሰውነት ቦታ ስላላበጀላት ነው። ዳይሱ የተጠየቀው «ልጅቷ ምን ተሰማት?» ተብሎ ሳይሆን «ጦረኛው አሸነፈ ወይ?» ተብሎ ነበር።

«አንቺ» የሚለው ቃል

ወደ መፍትሔው ከማምራቴ በፊት፣ አጫዋቾች ከፍቅር ትዕይንት የሚሸሹበትን አንድ ሌላ ምክንያት ላንሣ፤ በእኛ ቋንቋ ጎልቶ ይታያልና። እንግሊዝኛ ሲያነጋግር ሴትና ወንድን፣ አክብሮትና ቅርበትን በአንድ ቃል ይጨርሳል። አማርኛ ግን «አንተ» ወይስ «አንቺ» ወይስ «እርስዎ» ብሎ ግድ ያስመርጣል። ጢሙ የበቀለ አጫዋች የባላባቷን ልጅ ሆኖ ሲናገር፣ ጓደኛው ዓይኑን እያየ «አንቺ» ሊለው ነው። ጠረጴዛው በሳቅ ይፈርሳል፤ ከሳቁ ለመሸሽም ዳይስ ይጣላል።

ይሁን እንጂ ያው እንቅፋት ሀብት ነው። በአማርኛ ከ«እርስዎ» ወደ «አንቺ» መሻገር ራሱን የቻለ ድርጊት ነው፤ ማን እንደጀመረው፣ የትኛው ቀን እንደሆነ፣ ማን ሰምቶ እንደደነገጠ ይታወሳል። ነቀምት ላይ በኦሮምኛ የሚጫወቱትም «ኢሲን» ከማለት ወደ «አቲ» ሲወርዱ ይህንኑ ደፍ ይሻገራሉ። ብልኅ አጫዋች ለዚህ ሽግግር ዳይስ አያስጥልበትም፤ ጆሮውን አቁሞ ይጠብቀዋል። ተጫዋቹ «እርስዎ» ሲል ቆይቶ ሳያስበው «አንቺ» ያለ እንደሆነ፣ የቤቱ ድምፅ ጸጥ ማለቱን፣ የምታስተናግደው አክስት ቀና ብላ ማየቷን ይተርካል። ይህ ብቻውን አንድ ትዕይንት ነው።

ሳቁን ለመግታትም ቋንቋችን መውጫ አለው። እኛ አገር የፍቅር ቃል በቀጥታ ከአፍ ወደ ጆሮ አይሄድም፤ በሰው ይሄዳል። በየትምህርት ቤቱ የጓደኛውን የፍቅር ደብዳቤ የሚጽፍ ባለ ሸጋ እጅ ጽሑፍ ልጅ እንደነበረ የማያስታውስ ማን ነው? «እንዲህ ብሎሻል» የሚለው አነጋገር የተናጋሪውን ፊት ያተርፋል። አጫዋቹም «ልጅቷ እንዲህ አለች» ብሎ በሦስተኛ መደብ ቢተርክ ማንም አይስቅበትም። ይህ ደግሞ ከደብዳቤ ጸሐፊው ወደ ታላቁ መልእክተኛ፣ ወደ ሽማግሌው ያደርሰናል።

የራሳችን የሚና ጨዋታ

እኛ የሚና ጨዋታ ለመማር ከአሜሪካ መጽሐፍ መጠበቅ አያስፈልገንም። ዕቃ ዕቃ የተጫወተ ልጅ ሁሉ ባል ሆኗል፣ ሚስት ሆናለች፣ በጭቃ እንጀራ እንግዳ ተቀብሏል። እንቆቅልሽ የተጠያየቀ ሁሉ መልሱ ሲጠፋው «አገር ስጠኝ» ተብሎ ያልገዛውን አገር ሰጥቷል። ለአዋቂዎች የቀረበው ትልቁ የሚና ጨዋታ ግን ሽምግልና ነው ብል የተሳሳትኩ አይመስለኝም።

እስቲ እንደ ጨዋታ እንየው። ወለጋ ውስጥ «ከዻ» በሚባለው የልመና ጋብቻ የወንዱ ወገን «ጃርሳ» ይልካል። በሌላውም የአገራችን ክፍል ሥርዓቱ ተመሳሳይ ነው። ሽማግሌዎቹ ለምን እንደመጡ ቤተ ዘመዱ ሁሉ ያውቃል፤ ሆኖም ማንም እንዳላወቀ ሆኖ «ምነው፣ በደኅና?» ይላቸዋል። «ተቀመጡ» ሲባሉ «ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» ይላሉ። ጉዳዩ ይነገራል። የልጅቷ አባት የልቡን በልቡ ይዞ «እንመካከርበት» ይልና ቀን ይቆርጣል። ይመለሳሉ፤ እንደገና ይቆረጣል። በመጨረሻ «ነቀታ»፣ ማለትም ማጨት ይመጣል፤ ወይም አይመጣም።

እዚህ ውስጥ አንድ ጥሩ ጨዋታ የሚያስፈልገው ሁሉ አለ። ሚና አለ፤ ተራ አለ፤ ሁሉም የሚያውቀው የማስመሰል ስምምነት አለ። ከሁሉ በላይ ሦስት ነገሮች አሉ። አንደኛው መዘግየት ነው፤ መልሱ በአንድ ውርወራ አይመጣም፤ በሁለት ቀጠሮ መካከል ወሬ ይነፍሳል፣ ሌላ ጠያቂ ይመጣል፣ አንዲት አክስት ትቆጣለች። ሁለተኛው የሚጎዳ ነገር መኖሩ ነው፤ የላኪው ቤት ክብር፣ የሽማግሌው ቃል፣ የሁለት መንደር ጉርብትና አደጋ ላይ ነው። ሦስተኛው ደግሞ «እምቢ» ማለት የሚቻልበት መንገድ መዘጋጀቱ ነው። ሽማግሌ የሚላከው እሺ ለማሰኘት ብቻ አይደለም፤ እምቢታው ሲመጣ ጠብ እንዳይሆንም ጭምር ነው። ላኪው ፊት ለፊት ስላልተናገረ ፊት ለፊት አይዋረድም።

የሠርጉም ቀን ጨዋታው አያቆምም። የወለጋ ኦሮሞዎች «አረብሶ» የሚሉት የስድብ ዘፈን አለ፤ የሙሽሪት ወገን የሙሽራውን ወገን በዜማ ያብጠለጥላል፤ ወዲያውም መልስ ይመጣል። ከዚያ ደግሞ ሙሽሪት ከወላጆቿ ቤት ስትለይ የምታሰማው «መረሮ»፣ የሐዘን እንጉርጉሮ አለ። በአንድ ቀን ውስጥ ስድብ፣ ሳቅና ልቅሶ ተራ በተራ መድረክ ይይዛሉ። ከነቀምት ወደ አንገር ሸለቆ በሚወርደው መንገድ ላይ እንደ ኡኬ ባሉ ከተሞች ኦሮምኛና አማርኛ ጎን ለጎን ይነገራሉ፤ ስድቡም ምርቃቱም በሁለት አንደበት ሊሄድ ይችላል። ወለጋ ባለፉት ዓመታት ያየችውን መከራ ለሚያውቅ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ስድብ ጨዋታ የሚሆነው አጥሩ ሲታወቅ ብቻ ነው፤ ማን፣ መቼ፣ እስከ ምን ድረስ እንደሚሳደብ ሁሉም ሲያውቅ። አጥር የሌለው ጨዋታ ጨዋታ አይደለም።

ለነቀምት አጫዋች የሚሆን መዝገብም አለ። አስቴር ጋኖ ከትዝታዋ የሰበሰበቻቸው የኦሮሞ ተረቶች፣ ዘፈኖችና እንቆቅልሾች ከኦነሲሞስ ነሲብ ጋር ባዘጋጀችው የንባብ መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1894 ለኅትመት በቅተዋል። ሁለቱም ኋላ ነቀምት ገብተው አስተምረዋል። ዘንዶና ግንብ ከፈረንጅ ከመበደር በፊት ደጃፋችን ላይ ያለውን ማየት ይበጃል።

ዳይሱ ጠለፋ ሲሆን

አሁን ወደዚያ 19 ቁጥር ልመለስ። አንዱ ፈለገ፤ ዕድሉ ቀናው፤ ሌላዋ ተከተለች። ይህ ነገር በእኛ አገር ስም አለው። ወለጋ «ቡቲ» ይሉታል፤ በአማርኛ ጠለፋ ነው። ዳይሱ ፈረስና ግብረ አበር አላስፈለገውም እንጂ ሥራው ያው ነው፤ የአንዲትን ሴት «አዎን» ከእሷ አፍ ሳይሆን ከጠላፊው ኃይል ያነብባል።

«ኧረ ጨዋታ ነው፤ አታካብደው» የሚለኝ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ነገር ግን ጉዳዩ በሩቅ ያለ አይደለም። የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው የጠለፋትን ሴት ያገባ እንደሆነ፣ እሷም በፈቃዷ ተስማማች ከተባለ፣ ክሱ እንዲቀር ይፈቅድ ነበር። ሕጉም እንደ አጫዋቻችን ነበር ማለት ነው፤ መጨረሻውን ብቻ አይቶ «ወደደችው» ብሎ ይዘጋዋል። እ.ኤ.አ. በ1996 አርሲ ውስጥ የተጠለፈች የ14 ዓመት ተማሪ ጠላፊዋን በጥይት ገድላ ተከሰሰች፤ የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ቆሞላት ራሷን ስለተከላከለች ነጻ ወጣች። በ1997 ዓ.ም. የጸናው የወንጀል ሕግ ለጠለፋ ከ3 እስከ 10 ዓመት እስራት ደነገገ፤ ጋብቻም ከክስ አያድንም አለ።

ስለዚሁ ታሪክ «ድፍረት» የተባለው ፊልም ተሠራ። በነሐሴ 2006 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ሊመረቅ ሲል በፍርድ ቤት እግድ ቆመ። የታሪኩ ባለቤት ሳትጠየቅ ሕይወቷ ፊልም መሆኑን ተቃውማ ነበር። ፊልሙ ለሴት ልጅ መብት የቆመ መሆኑን ማንም አይክድም። ጥያቄው ግን ያቺ የነቀምቷ ወጣት የጠየቀችው ነው፦ እሺ፣ ልጅቷ ምን አለች? ለሴት የሚቆረቆር ፊልም እንኳ ይህ ጥያቄ ከቀረበበት፣ በሳቅ መሐል የሚወረወር ዳይስ እንዴት አይቀርብበት?

ሽምግልናውንም ቢሆን እንዲያው አላወድስም። «ከዻ» ባማረ ሥርዓቱ ውስጥ የሚናገሩት አባቶች ናቸው፤ ልጅቷ ከጓዳ ናት። ሽማግሌው ለቤተሰቡ «እምቢ» የሚልበትን መንገድ አበጀ እንጂ ለልጅቷ አላበጀም። በኦሮሞ ባህል «አሴና» የሚባል ሌላ የጋብቻ መንገድ አለ፤ ልጅቷ ራሷ ተነሥታ ከወደደችው ሰው ቤት ትገባለች። እዚህ ላይ ተራውን የያዘችው እሷ ናት። ይሁንና ገብታ የተገኘችን ልጅ መመለስ ነውር ስለሆነ፣ አሁን ደግሞ «እምቢ» ማለት የሚያስቸግረው ወንዱን ነው። እንግዲህ ከባህሉ የምንወስደው ሥርዓቱን እንጂ ጉድለቱን አይደለም። ጨዋታ ከሕይወት የሚበልጥበት አንድ ነገር ቢኖር፣ በጓዳ የተቀመጠችውን ወደ ጠረጴዛው መጥራት መቻሉ ነው።

ሌሎች ምን አደረጉ?

ፈረንጆቹም ዝም ብለው አልተቀመጡም። ኤሚሊ ኬር ቦስ እ.ኤ.አ. በ2005 ያወጣችው «ብሬኪንግ ዚ አይስ» ሁለት ሰዎች ብቻ የሚጫወቱት ሲሆን የሚተርከው የሦስት ቀጠሮ ታሪክ ነው። አንዱ ሲተርክ ዳይስ የሚሰጠው ሌላው ነው፤ ስለዚህ ያለ ሌላው በጎ ፈቃድ የትም አይደረስም። ሐሳቡ ንጹሕ ነው፤ ነገር ግን ሁለቱን ብቻቸውን ያስቀምጣቸዋል። አክስት የለችም፤ ጎረቤት የለም። በእኛ አገር ሁለት ሰዎች ብቻቸውን የተፋቀሩበት ታሪክ የት አለ?

ኤቨሪ አልደር እ.ኤ.አ. በ2012 ያሳተመችው «ሞንስተርሃርትስ» ስለ ጉርምስና ነው። ዳይሱ በዚያ ጨዋታ የሚፈርደው የልብን መደንገጥ ብቻ ነው፤ ከደነገጠች በኋላ ምን እንደምታደርግ የምትመርጠው ልጅቷን የያዘው ተጫዋች ነው። ስሜት ሳይጠሩት ይመጣል፤ ውሳኔ ግን የራስ ነው። ከሁሉም ይህን ልዩነት ያስተዋለ ሕግ ይመስለኛል። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣውና በጄን ኦስተን ልብ ወለዶች ላይ የተመሠረተው «ጉድ ሶሳይቲ» ደግሞ ለደብዳቤና ለሐሜት የራሳቸውን ተራ ሰጥቷቸዋል። ሐሜት ተራ ያለው ጨዋታ! ለትንንሽ ከተሞቻችን የተሠፋ ቀሚስ ማለት ይህ ነው።

ከእነዚህ ጎን ሮን ኤድዋርድስ የተባለ ደራሲ «መስመርና መጋረጃ» የሚል ልማድ አስለምዷል። መስመር ማለት ጨዋታው የማይገባበት ጉዳይ ነው፤ መጋረጃ ማለት ደግሞ ይፈጸማል እንጂ አይታይም የሚባለው ነው። ሁለቱም ጨዋታው ሳይጀመር በስምምነት ይወሰናሉ። አንዳንዶች ይህን የፈረንጅ ቅብጠት አድርገው ይወስዱታል። እኔ ግን ለአረብሶ ዘፋኞች አዲስ ነገር አይመስለኝም፤ አጥር ማለት ነው።

ለአጫዋቹ

ከዚህ ሁሉ በኋላ ለአጫዋቹ የምለው ጥቂት ነው። አንደኛ፣ ፍቅሩን ብቻውን ጠረጴዛ ላይ አታስቀምጥ። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን አስታውስ፤ በዛብህ ወደ ሰብለ ወንጌል የቀረበው ሊያስተምራት ገብቶ ነው። በመካከላቸው ትምህርት ነበረ፤ ከጀርባቸው ደግሞ የፊታውራሪ መሸሻ ቤት ኩራት ነበረ። ሁለቱ ስለ ፍቅር ሳይሆን ስለ ሌላ ነገር ሲነጋገሩ ነው ፍቅሩ የሚሰማው። እናም ለተፋቃሪዎቹ አንድ ሥራ ስጣቸው፤ ቡና ይልቀሙ፣ ደብዳቤ ያንብቡ፣ የታመመ ያስታሙ።

ሁለተኛ፣ ዳይሱን ስለ ልብ አትጠይቀው፤ ስለ መንገዱ ጠይቀው። ሽማግሌዎቹ ከሌላው ጠያቂ ቀድመው ደረሱ? ወሬው አባትየው ጆሮ ገብቷል? ደብዳቤው በማን እጅ ወደቀ? እነዚህ የዕድል ጉዳዮች ናቸው፤ ዕድል ይፍረድባቸው። «እሺ» እና «እምቢ» ግን የሰው ናቸው።

ሦስተኛ፣ የምትፈቀረውን ሰው ስም ስጣት፤ አንድ የምትፈልገው፣ አንድ የምትፈራው ነገርም ይኑራት። ሽፍታውን ያን ያህል ያከበርህ፣ እሷን ምን አደረገችህ?

እነዚያው አምስት ወጣቶች በሌላ ምሽት ይህን ሞክረውት ነበር። ያችው ወጣት ልጅቷን ያዘች። ሁለቱ ሽማግሌ ሆኑ፤ አጫዋቹ አባትየውን ያዘ። በዚያች የፈጠራ አገር አንድ ልማድ አበጁ፤ ልጅቷ ቡናውን ራሷ ይዛ ከወጣች እሺታ ነው፣ በታናሽ እህቷ ከላከችው እምቢታ። ዳይስ የተጣለው ሽማግሌዎቹ በመንገድ ላይ ዝናብ ስለማግኘት አለማግኘታቸው ነበር፤ አገኛቸው፤ በስብሰው ገቡ፤ የበሰበሰ ሽማግሌ ደግሞ ያሳዝናል፤ አባትየው ሊላዘብ ምንም አልቀረው። ቡናው የመጣው በታናሽ እህቷ እጅ ነው። ማንም አልሳቀም። ጦረኛው ብዙ ዝም ካለ በኋላ ሽማግሌዎቹን «እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ ፈረሱን ጫነ።

እንከን አልነበረውም አልልም። ጦረኛውን የያዘው ልጅ ከአንድ ሰዓት ያላነሰ ያለ ቃል ተቀምጧል፤ ሽምግልናውን የሚያጫውት ሰው ላኪው በዚያ ሰዓት ምን እንደሚሠራ አስቀድሞ ማሰብ ይኖርበታል። አባትየውም አንዳንዴ የአጫዋቹን ቀልድ መንገሪያ ሆኖ ነበር። ቢሆንም ሁለቱን ምሽቶች ሳመዛዝን፣ በመጀመሪያው አንድ ልጅ ሚስት አገኘና ማንም አላመነውም፤ በሁለተኛው አጣና ሁላችንም አመንነው።

ሰው በጨዋታ የሚለማመደውን በኑሮ ይደግመዋል የሚል ጥናት ይዤ አልቀርብም። ይሁን እንጂ አንድ ወጣት ባልተጻፈ ምልልስ ውስጥ «እምቢ» መባልን ሰምቶ፣ አመስግኖ የሚመለስበትን አነጋገር የሚለማመድበት ቦታ በአገራችን ብዙ አይደለም። አባቶቻችን ሽማግሌ ልከው ይህን አነጋገር ለቤተሰብ ሠሩለት። ለሁለቱ ልጆች መሥራቱ የእኛ ፋንታ ነው። ዳይሱ ዝናቡን ይጣል፤ ቡናውን ይዛ የምትወጣው ወይም የማትወጣው እሷ ናት።